የማንጎና የአጋም ክሬም ለቤት ውስጥ ካፕ ኬክ

መጀመሪያ ያበላሸሁት ክሬም የማንጎ ነው። ግንቦት ላይ፣ ባሕር ዳር፣ የእህቴ ልጅ ልደት ነበር። ቅቤውንና ስኳሩን አሪፍ አድርጌ መታሁ። ነጣ ያለ፣ ቀለል ያለ፣ ማንኪያ ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም ክሬም ወጣኝ። ከዚያ አንድ ብርጭቆ የማንጎ ጭማቂ አምጥቼ ገለበጥኩበት። ሁለት ደቂቃም አልቆየ። ቅቤው ወዲህ፣ ውሃው ወዲያ ሆነ። ጎድጓዳ ሳህኑ ውስጥ የቆራረጠ ነገር በቢጫ ውሃ ላይ ይዋኛል። እህቴ ብቅ ብላ አየችና «አንቺ፣ ይሄ አይብ ነው ወይስ ክሬም?» አለችኝ። የዚያን ቀን ካፕ ኬኩን ባዶውን በላነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ቅቤ ፈጅቻለሁ። የገባኝ ነገር ግን አንድ ነው። ፍሬ ማለት በአብዛኛው ውሃ ነው። 100 ግራም ማንጎ ውስጥ ከ80 ግራም በላይ ውሃ አለ። ቅቤ ደግሞ የራሱን ውሃ ይዞ ነው የሚመጣው። በላዩ ላይ ጥቂት ቢጨመርበት ይችላል፤ ብዙ ሲሆንበት ይተፋዋል። ስለዚህ የፍራፍሬ ክሬም ሥራ የሚጀምረው ከሚክሰሩ ሳይሆን ከምድጃው ነው። ፍሬው ቅቤውን ከማግኘቱ በፊት ውሃውን እሳት ላይ ጥሎ መምጣት አለበት።

ከዚህ በታች ያለው መጠን 12 ካፕ ኬክ በደንብ ይቀባል። ቀጠን አድርጋችሁ ከቀባችሁ ለ18ም ይበቃል።

ቅቤ 250 ግራም፣ ጨው ያልገባበት
ዱቄት ስኳር 400 ግራም
የተነፈረና የወፈረ ፍሬ 6 የሾርባ ማንኪያ፣ ወደ 90 ግራም
የሎሚ ጭማቂ 1 የሻይ ማንኪያ
ጨው አንድ ቁንጥር
የወተት ዱቄት 2 የሾርባ ማንኪያ (ከተገኘ፤ ግዴታ አይደለም)

ሚዛን ከሌላችሁ 250 ሚሊ ሊትር በሚይዝ የውሃ ብርጭቆ ለኩ። ስኳሩ ሦስት ብርጭቆ ከሲሶ ይሆናል፤ ሳትጠቀጥቁ። ቅቤው አንድ ብርጭቆ ሙሉ ነው፤ እሱን ግን ጠቅጥቁት።

ስለ ቅቤው

እዚህ ላይ ረዘም ላድርግ፤ ጎጃም ተቀምጠን ስለ ቅቤ በአጭሩ ማውራት ነውር ነው።

ቀላሉ መንገድ ከሱፐርማርኬት የሚሸጠው የገበታ ቅቤ ነው። ሽታው ለስላሳ ነው፣ ሁልጊዜም አንድ ዓይነት ነው። ማሸጊያው ላይ ጨው እንደሌለው አረጋግጡና ግዙ። ዋጋው ግን ይከብዳል። ትንንሽ ከተማ ውስጥ ደግሞ ፈልጎ ማግኘቱም ሌላ ጣጣ ነው።

ሁለተኛው መንገድ የገበያው ቅቤ ነው። በቅጠል ተጠቅልሎ የሚመጣው ማለቴ ነው። ለክሬም የሚሆነው ለጋው ብቻ ነው። በሰል ያለው ለወጥ ይሁን፤ የቆየው ለፀጉር። «እናቴ፣ ለጋ ነው?» ስትሉ ሁሉም «ዛሬ የተናጠ ነው ልጄ» ይሏችኋል። ስለዚህ ማሽተት ነው። ትንሽ ቆንጥራችሁ ጣታችሁ ላይ አሹት። ለጋ ከሆነ የወተት ሽታ አለው፣ በትንሹ ኮምጠጥ ይላል። አፍንጫ የሚመታ ከሆነ ስኳርም ማንጎም አይሸፍነውም።

ሌላም ነገር አለ። አንዳንዱ ቅቤ ውስጥ የተደባለቀ ባዕድ ነገር ይኖራል። ብዙ ከመግዛታችሁ በፊት ትንሽ ወስዳችሁ ቤት አቅልጡት። ንጹሕ ቅቤ ሲቀልጥ ጥርት ያለ ዘይት ይሆናል፤ ከሥሩ የሚቀረው ጥቂት ነጭ አተላ ነው። ገንፎ የመሰለ ነገር ከሥር ከተኛ፣ ሻጭ መቀየር ነው።

ለጋም ቢሆን የገበያውን ቅቤ እንዳለ ክሬም ውስጥ አላስገባም። ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ የኛ ቅቤ ከእርጎ ነው የሚናጠው፤ ውስጡ የቀረው አሬራ ክሬሙን ያኮመጥጠዋል። ሁለተኛ፣ ወተቱ ያልተፈላ ነው፤ ክሬሙ ደግሞ እሳት አያይም። የሚበሉት ልጆች ናቸው። ስለዚህ አነጥረዋለሁ፤ ግን ያለ ቅመም። አደራ፣ ያለ ቅመም! ከጓዳ የተቀመጠውን ንጥር ቅቤ አንስታችሁ እንዳትመቱት። ኮረሪማና ኮሰረት ያለበት ካፕ ኬክ አንድ ጊዜ ቀምሻለሁ። ዶሮ ወጥ በስኳር ማለት ነው።

አነጣጠሩ እንዲህ ነው። 300 ግራም ለጋ ቅቤ ድስት ውስጥ አድርጋችሁ በቀስታ እሳት አቅልጡ። ፍል ይበል። አረፋውን በማንኪያ ግፈፉ። መንጣጣቱን ሲተውና ቅቤው ጥርት ሲል አውርዱት፤ እንዳይቀላ። በንጹሕ ቀጭን ጨርቅ አጥልሉት። ወደ 250 ግራም ይቀራችኋል። ቀጥሎ ያለውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔም እዘለው ነበር። የነጠረው ቅቤ ብቻውን ተቀምጦ ቀስ ብሎ ከረጋ አሸዋ አሸዋ ይላል። ስለዚህ ጎድጓዳ ሳህኑን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስቀምጡና እንደ ወፍራም እርጎ እስኪሆን ድረስ በማንኪያ እያማሰላችሁ አርጉት። አሥር ደቂቃ ያህል ይፈጃል። እንዲህ የረጋ ቅቤ ልስልስ ይላል፤ ለመምታትም ይመቻል። የወተት ዱቄቱን የምጨምረውም በተለይ ለዚህኛው ነው፤ ያጣውን የወተት ጣዕም ይመልስለታል፣ የተረፈ ውሃ ካለም ይጠጣል።

የኪሳችሁ ነገር ከከበደ ግማሽ የገበታ ቅቤ፣ ግማሽ የነጠረ ለጋ ማደባለቅ ይቻላል። እኔ አብዛኛውን ጊዜ የማደርገው ይሄንን ነው።

ስኳሩ

ዱቄት ስኳር ተፈጭቶ ታሽጎ ይሸጣል። ካጣችሁ ተራውን ስኳር ራሳችሁ ፍጩ። 400 ግራም ስኳር ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮርን ስታርች ጨምሩ፤ እንዳይጓጉል ይጠብቀዋል። የጁስ መፍጫው ደረቅ መሆን አለበት፤ ጠብታ ውሃ ካለው ሊጥ ነው የሚወጣው። በትንሽ በትንሹ፣ አንድ አንድ ደቂቃ እየፈጫችሁ ማሽኑን አሳርፉት። በጣታችሁ ስታሹት እንደ ዱቄት ካልሆነ አልተፈጨም ማለት ነው። ከዚያ በወንፊት ንፉት። ወንፊቱ ላይ የቀረውን መልሳችሁ ፍጩ።

ጥርስ ላይ ቀጭ ቀጭ የሚል ክሬም በልታችሁ ታውቁ ይሆናል። ጥፋቱ እዚህ ጋ ነው። ቅቤ ውስጥ ስኳር እንደ ሻይ አይሟሟም። ሲገባ ሸካራ ከነበረ እስከ መጨረሻው ሸካራ ነው።

የቡና መፍጫም ይፈጫል፤ ግን በደንብ ካልጸዳ ቡና ቡና ይላል። የዘጌን ቡና እወዳለሁ፤ ማንጎ ውስጥ ግን ምን ያደርጋል?

ፍሬው

ማንጎ። የአገሩ ማንጎ ክር ይበዛዋል፤ ሽታው ግን የትኛውም ትልቅ ማንጎ ጋ የለም። አፕል ማንጎ የሚባለው ክር የለውም፣ ሥጋው ብዙ ነው፣ ለመሥራት ይቀላል። ለክሬም ምረጪ ብትሉኝ የአገሩን ነው የምወስደው። ክሩን ወንፊት ይይዘዋል፤ ሽታ ግን ከየትም አይመጣም።

በደንብ የበሰለ ማንጎ ልጣችሁ ሥጋውን ከፍሬው ለዩት። 400 ግራም ሥጋ ያስፈልጋል። ውሃ ሳትጨምሩ ፍጩት፤ ከዚያ በወንፊት አጥልሉት። ሥሩ ወፈር ያለ ሰፊ ድስት ውስጥ አድርጉና መካከለኛ እሳት ላይ ጣዱት። ሰፊ መሆኑ ይጠቅማል፤ ውሃው ቶሎ ይተናል። ስኳር አሁን አይገባም፤ ቶሎ ያሳርረዋል። በእንጨት ማማሰያ ከሥር ከሥር እያማሰላችሁ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ጠብቁ። መጀመሪያ ጸጥ ብሎ ይፈላል። ወፈር ሲል እንደ ሽሮ ፏ ፏ እያለ መፈንጠር ይጀምራል። ያኔ እሳቱን ቀንሱ፤ እጃችሁንም ጠብቁ። ትኩስ ማንጎ እንደ ሽሮ ይለጠፋል፤ ጠባሳው እጄ ላይ አለ።

መድረሱን በሰዓት አትወቁት። በማማሰያው ከድስቱ ሥር መሐል ለመሐል መስመር አስምሩ። መስመሩ ወዲያው ከተሸፈነ ገና ነው። ድስቱ እየታየ ሁለት ሦስት ሰከንድ ክፍት ከቆየ ደርሷል። 400 ግራሙ ወደ 150 ግራም ይወርዳል። ሎሚውን ጨምሩና አውርዱት።

አሁን ማቀዝቀዝ ነው። ለብ ማለቱ አይበቃም። ጭልጥ ብሎ መቀዝቀዝ አለበት፤ ትንሽ እንኳ ሙቀት ካለው ቅቤውን ያቀልጠዋል። ሰፊ ሳህን ላይ ዘርጉት፤ ቶሎ ይበርዳል። ከክሬሙ የተረፈውን እንዳትጥሉት። ካፕ ኬኩን መሐሉን ጎድጎድ አድርጋችሁ ውስጡ ጨምሩበት፤ የነከሰው ሰው ይደሰታል።

አጋም። ይሄኛው የኔ ኩራት ነው። እረኛ የነበረ ሁሉ አጋም ያውቃል፤ እሾሁንም ያውቃል። ልጆች ሆነን ጥርሳችን ወይን ጠጅ እስኪሆን እንበላው ነበር። ኬክ ላይ ግን ማንም አያስበውም። ቅቤና ስኳር ሲበዛ ያሰለቻል አይደል? የአጋም ኮምጣጣነት እሱን ይቆርጠዋል። ቀለሙ ደግሞ ያለ ምንም ማቅለሚያ ሐምራዊ ነው።

ጥቁር የሆነውን፣ ለስላሳውን ብቻ ልቀሙ። ቀይ ወይም አረንጓዴ ያለበት ከሆነ ነጭ ወተት ይወጣዋል፤ ይለጠፋል፣ ይመራል። ሁለት የውሃ ብርጭቆ ሙሉ አጋም እጠቡና ከሩብ ብርጭቆ ውሃ ጋር አሥር ደቂቃ ቀቅሉ። ውሃ የምንጨምርበት ፍሬ ይሄ ብቻ ነው፤ ያለዚያ ያራል። በማንኪያ ጀርባ ጨፍልቁና በወንፊት አጥልሉ፤ ፍሬውና ቆዳው ይቀራል። የወረደውን ከሁለት ማንኪያ ስኳር ጋር መልሳችሁ ጣዱት፤ የመስመሩን ፈተና እስኪያልፍ አማስሉ። ሎሚ አያስፈልገውም፤ ራሱ ሎሚ ነው። የዱር እንጆሪም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ ውሃው ብቻ ይቅርበት።

ኮክ። ደጋው ላይ ክረምቱ ሲገባ ይመጣል። ልጣችሁ እንደ ማንጎው አድርጉት፤ ትንሽ ጠንከር ስለሚል ከመፍጨታችሁ በፊት በእንፋሎት አብስሉት። ዘይቱን የሚባለውንም ፍሬ (ጉዋቫ) እንዲሁ፤ ፍሬው ጥርስ ስለሚሰብር ወንፊቱ ግድ ነው። የዘይቱን ሽታ ኃይለኛ ነው፤ ከስድስት ማንኪያ አራቱ ይበቃል።

ሎሚና ብርቱካን እሳት አይወዱም። ጣዕማቸው ያለው ልጣጩ ላይ ነው። ውጪውን ቀለም ያለውን ብቻ ፈቅፍቁ፤ ነጩ ይመራል። የሁለት ሎሚ ልጣጭ ከዱቄት ስኳሩ ጋር በጣታችሁ እሹት። ዘይቱ ወጥቶ ስኳሩ ራሱ ይሸታል። ከዚያ አንድ ሁለት ማንኪያ ጭማቂ ብቻ።

ሙዝ ይሆናል፤ ግን ቶሎ ይጠቁራል፤ በዕለቱ የሚበላ ከሆነ ብቻ። ፓፓያን ተዉት። ጭማቂው ጥሩ ነው፤ ቅቤ ውስጥ ሲገባ ግን ጣዕሙ ይጠፋል። ልፋት ብቻ።

ጊዜ የሌለው ሰው ማርማላታ መጠቀም ይችላል። ውሃው ቀድሞ የወጣለት ነው። ስኳሩ ግን አብሮት ስላለ ከዱቄት ስኳሩ 50 ግራም ቀንሱ። እንደ እውነቱ ከሆነ እንግዳ በር ላይ ሲቆም እኔም ይሄንኑ አደርጋለሁ።

መምታት

1. ቅቤው ከመመታቱ በፊት ልስልስ ይበል። በጣታችሁ ስትጫኑት ጎድጎድ ብሎ ይቅር፤ ጣታችሁ ግን በዘይት መራስ የለበትም። ከ18 እስከ 21 ዲግሪ ባለው መሐል ነው። ማይክሮዌቭ ውስጥ አታስገቡት፤ ዳሩ ሳይነካ መሐሉ ይቀልጣል።

2. ቅቤውን ብቻውን በሚክሰር አምስት ደቂቃ ምቱ። ስኳር ለመጨመር አትቸኩሉ። ቢጫው ነጣ ሲል፣ መጠኑም ጨመር ሲል አየር ገብቶለታል ማለት ነው። የነጠረ ለጋ ከሆነ ሰባት ደቂቃ ስጡት።

3. ዱቄት ስኳሩንና የወተት ዱቄቱን ሦስት ቦታ ከፍላችሁ ጨምሩ። በየጊዜው መጀመሪያ በዝግታ፣ ከዚያ በፍጥነት። ጎድጓዳውን በፎጣ ሸፈን አድርጉት፤ አለበለዚያ ወጥ ቤቱ ወፍጮ ቤት ይሆናል። ጨውን እዚህ ላይ ጨምሩ። ቁንጥር ጨው ስኳሩን ያረግበዋል።

4. ቀዝቃዛውን ፍሬ አንድ አንድ ማንኪያ አስገቡ። አንዱ ጠፍቶ ሳይዋሃድ ሁለተኛው አይጨመር። ከአራተኛው በኋላ ቅመሱ፣ ተመልከቱም። ክሬሙ ማንኪያ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ጫፉ ትንሽ ጎንበስ ካለ በቃው። ስድስቱን የማድረስ ግዴታ የለባችሁም።

5. ሚክሰሩን አጥፉና በእንጨት ማማሰያ ሁለት ደቂቃ በዝግታ፣ ወደ ጎድጓዳው ግድግዳ እየተጫናችሁ አሹት። ትልልቁ አየር ይወጣል፤ ስትቀቡት ቀዳዳ ቀዳዳ አይልም።

መብራት ከጠፋስ? ይጠፋል፤ ያውም ስኳሩ ግማሽ ላይ ሲደርስ። በማማሰያ በእጅ ይሆናል፤ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ነው። ክንድ ይጠይቃል። አንድ ጊዜ እንዲህ ስለፋ እማዬ በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብላ ስታየኝ ቆየችና «እኛ ቅቤ ለማውጣት እንንጣለን፤ አንቺ የወጣውን መልሰሽ ትንጫለሽ» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ማርቆስና ባሕር ዳር አንድ አይደሉም

ተመሳሳይ መጠን፣ ተመሳሳይ እጅ፤ ግን ሁለት ዓይነት ክሬም። ለብዙ ጊዜ ያልገባኝ ይሄ ነበር። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር ከፍታ በላይ ነው፤ ባሕር ዳር 1,800 አካባቢ። ቅቤ ይሄን ልዩነት ከሰው በፊት ያውቃል።

ማርቆስ፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ፣ ቅቤው ጠረጴዛ ላይ አድሮም ድንጋይ ነው። እንዲህ እያለ ከመታችሁት ይጓጉላል፤ ፍሬውንም አይቀበልም። ጎድጓዳውን ለብ ያለ ውሃ ያለበት ድስት አፍ ላይ ለአንድ ደቂቃ አስቀምጡና አውርዱ፤ ምቱ፤ ካስፈለገ ድገሙ። ፍሬውም ከፍሪጅ ወጥቶ ወዲያው አይግባ። የቤቱን ሙቀት ይያዝ። እንጅባራም ያላችሁ እንደዚሁ።

ባሕር ዳር ደግሞ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ቀትር ላይ ክሬም መምታት ራስን መቅጣት ነው። ቅቤ 30 ዲግሪን ተሻግሮ ትንሽ ከሄደ ይቀልጣል፤ ከዚያም በፊት መልፈስፈስ ይጀምራል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተነሱና ሥሩ፤ ወይም ማታ። ጎድጓዳውንና የሚክሰሩን መምቻ ቀድማችሁ ፍሪጅ ውስጥ አቆዩ። ከ250 ግራም ቅቤው 50 ግራሙን በአትክልት ቅቤ ብትተኩት ሙቀት ይችላል። ጣዕሙ ትንሽ ይቀንሳል፤ ግን ከሚፈስ ክሬም የቆመ ክሬም ይሻላል። መርዓዊና ፍኖተ ሰላም ያላችሁ የባሕር ዳሩን ተከተሉ።

ሲበላሽ

እንደ አይብ ከቆራረጠ፣ ብዙውን ጊዜ ቅቤው ወይም ፍሬው በርዶት ነው። አትጣሉት። ሦስት ማንኪያ ያህል ክሬም አውጥታችሁ ለብ አድርጉና ሚክሰሩ እየዞረ መልሳችሁ አፍስሱበት። መምታቱን ቀጥሉ። ሦስት አራት ደቂቃ ምንም የማይለወጥ ይመስላል፤ ድንገት ይሰበሰባል።

ከፈሰሰና ካብረቀረቀ ሞቆታል። ከነጎድጓዳው 15 ደቂቃ ፍሪጅ፤ ከዚያ እንደገና ምቱ። መብራት ከሌለ ጎድጓዳውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከሩት።

ሁለቱንም ሞክራችሁ አሁንም ከሥሩ ውሃ ከቋጠረ ፍሬው አልወፈረም ነበር። ያኔ ስኳር መጨመር ብዙ ሰው የሚያደርገው ስህተት ነው፤ ውሃውን አያወጣውም፣ ክሬሙን ብቻ ያጣፍጠዋል። ውሃውን አቅርሩና አንድ ሁለት ማንኪያ የወተት ዱቄት ጨምሩ። የኔ የመጀመሪያው ማንጎ ግን በዚህም አይድንም ነበር። አንድ ብርጭቆ እኮ ነው የገለበጥኩት።

ካፕ ኬኩና አቀባቡ

ስለ ካፕ ኬኩ ብዙ አልልም፤ ሁሉም ቤት የራሱ አለው። እኔ 200 ግራም ዱቄት፣ 150 ግራም ስኳር፣ 100 ግራም ቅቤ፣ 2 እንቁላልና ግማሽ ብርጭቆ ወተት ነው የምጠቀመው። በ180 ዲግሪ ከ18 እስከ 20 ደቂቃ። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ፦ ከውጭ አገር የተቀዳ አሠራር ካላችሁ ቤኪንግ ፓውደሩን ቀንሱት። ከፍታ ላይ ሊጡ ቶሎ ይነፋና መሐሉ ይሰምጣል። አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ካለ አንድ ይበቃል። ምድጃ ከሌላችሁ ከዳቦ ቤት ክሬም ያልተቀባ ኬክ ግዙ፤ ማንም አይጠይቃችሁም።

ኬኩ ሙሉ በሙሉ ይብረድ። እጃችሁ ላይ ትንሽ እንኳ ከሞቀ ክሬሙ ተንሸራቶ ይወርዳል።

የክሬም ከረጢት ካለ ጥሩ። ከሌለ ወፍራም አዲስ ፌስታል ረዥም ብርጭቆ ውስጥ አልብሱ፣ ክሬሙን ሙሉ፣ አፉን ጠምዝዙ፣ አንዱን ጥግ በመቀስ ቁረጡ። ቀዳዳው የጣት ውፍረት ይሁን። ከዳር ጀምራችሁ ወደ መሐል እየዞራችሁ ወጡ፤ መጨረሻ ላይ ጫን ብላችሁ ቀና በሉ። ማንጎውንና አጋሙን አንድ ፌስታል ውስጥ ጎን ለጎን ብትሞሏቸው ሁለት ቀለም ያለው ክሬም ይወጣል። ልጆች በዚህ ያብዳሉ።

የተረፈው ክሬም ፍሪጅ ውስጥ አራት ቀን ይቆያል። ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ ውስጥ ይሁን። ቅቤ የጎረቤቱን ሽታ ይስባል፤ የኛ ፍሪጅ ውስጥ ደግሞ ጎረቤቱ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ቁሌት ቁሌት የሚል ማንጎ አይበላም። ስታወጡት ልስልስ እስኪል ጠብቁና ደግማችሁ ምቱት።

በጾም

ጾም ከሆነ ቅቤው በአትክልት ቅቤ ወይም በማርጋሪን ይተካል፤ የወተት ዱቄቱም ይቀራል። የማርጋሪኑን ማሸጊያ አንብቡ፤ አንዳንዱ ውስጥ ወተት አለ። የአትክልት ቅቤ ውሃ የለውም፣ የራሱ ጣዕምም የለውም። ስለዚህ የፍሬው ጣዕም ጎልቶ ይወጣል። እውነት ለመናገር የአጋሙ ክሬም በጾሙ ነው የሚጣፍጠኝ። ስኳሩን ግን 350 ግራም አድርጉት። ኬኩም ያለ እንቁላልና ያለ ወተት የተሠራ ይሁን፤ ክሬሙን ብቻ ማጾም ዋጋ የለውም።

ማንጎ ሲበዛና ሲረክስ ብዙ አንፍራችሁ አስቀምጡ። በትንንሽ ፌስታል ስድስት ስድስት ማንኪያ አድርጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ ብታስገቡ ሦስት ወር ይቆያል። የዘንድሮውን ማንጎ ለእንቁጣጣሽ ካፕ ኬክ አደርሳለሁ ብዬ እያስቀመጥኩ ነው፤ እህቴ እየሰረቀች በማንኪያ ካልጨረሰችው።

መንገድ ላለው

ባለፈው ዓመት 12 ካፕ ኬክ ቀብቼ፣ ካርቶን ውስጥ ደርድሬ፣ ከማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ተሳፈርኩ። ስነሣ ብርድ ነበር፤ ክሬሙም ቀጥ ብሎ ቆሟል። ፍኖተ ሰላም ላይ ካርቶኑን ከፈት አድርጌ ሳይ ጫፎቹ ተኝተዋል። ባሕር ዳር ስደርስ 12 ካፕ ኬክ ሳይሆን አንድ ትልቅ ኬክ ሆኗል። የእህቴ ልጅ በማንኪያ በላው፤ ምንም ቅር አላለውም።

አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። ኬኩን ባዶውን በካርቶን እይዛለሁ። ክሬሙን ማታውኑ ሠርቼ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ አሳድረዋለሁ። ጠዋት በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ በላዩ ፎጣ ደርቤ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ከሞላሁበት የላስቲክ ጠርሙስ ጋር ቦርሳ ውስጥ አስገባዋለሁ። ፌስታሉንና መቀሱንም እይዛለሁ። ስደርስ ሁለት ደቂቃ በማማሰያ አሽቼ እዚያው እቀባዋለሁ። ወደ አዲስ አበባ የምትሄዱም እንደዚሁ አድርጉ። ደጀንን አልፋችሁ የዓባይ በረሃ ስትወርዱ መስኮቱ በኩል የሚገባው ንፋስ ራሱ የሞቀ ነው፤ የተቀባ ክሬም ጎሐ ጽዮን አይደርስም።